92 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ፦ የዓባይን ዳገት መውጣት ያቃተው ኮሮላ

መኪናው የ1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ ባለ 1,587 ሲሲው 4ኤ-ኤፍኢ፣ ካምቢዮው ማኑዋል፣ ኤሲ የሌለው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ በታች ይቆማል። ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ግን ጎሐ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርድና፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ከጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርፌው ቀዩን ይነካል። ባለቤቱ ዳር ይዞ ኮፈኑን ሲከፍት በመጠባበቂያው የፕላስቲክ ውሃ ዕቃ በኩል እንፋሎት እየጮኸ ይወጣል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። በመሀሉ ከተማ ውስጥም በየሳምንቱ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይጨመርለታል፤ መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ አይታይም።

ከዚህ ምርመራ በፊት መኪናው ሁለት ጋራዥ ገብቶ ወጥቷል። አንደኛው ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩን የውሃ መንገድ የሚከፍተውን ዕቃ) አውጥቶ ጣለው፤ ፋኑንም ቁልፍ ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ሳያቋርጥ እንዲዞር በቀጥታ ገመድ አያያዘው። ሁለተኛው ውሃው የት እንደሚጠፋ ስላልታየው፣ «ጋሼ፣ ጋስኬት በልቷል፤ ቴስታታው ይውረድ» አለ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋስኬቱ በእሱና በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የታችኛው አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መሬት ላይ ሳይፈስ የሚጠፋ ውሃ በሲሊንደር ውስጥ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ምንም ሳይለካ መነገሩ ነው። ቴስታታ ማውረድ ደግሞ ካንዴላ እንደ መፍታት ቀላል አይደለም፤ ቶርኖ ቤት፣ አዲስ ጋስኬት፣ ምናልባትም አዲስ ብሎን ይጠይቃል። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ መኪናው እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል።

መቼ ነው የሚሞቀው?

ኮፈኑ ሳይከፈት በፊት ባለቤቱ የተጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ቆሞ ሲሠራ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ ሲንቀራፈፍ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ ግን የሚበርድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፋኑ ጋ ነው፤ ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል። ጠዋት ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ከሆነ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ መኪና ሌላ ነገር ይናገራል፦ ፋኑ ይዞራል፣ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃ ወይም ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክበው ራዲያተር አቅም አጥሮታል።

የዓባይ ዳገት ለዚህ ዓይነቱ ድካም ይቅርታ የለውም። ከድልድዩ እስከ ደጀን ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስለሚወጣ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፤ መኪናው ግን ዝግ ስለሚል ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው፤ የሸለቆውም አየር ከደጋው ይልቅ የጋለ ነው። ከተማ ውስጥ በሁለት ሦስተኛ አቅሙ የሚሠራ ራዲያተር ማንም ሳያውቅበት ዓመት ሊቆይ ይችላል። እዚህ ግን በሩብ ሰዓት ይጋለጣል።

ከባለቤቱ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ተገኙ። ቴርሞስታቱ ከወጣ ወዲህ መኪናው ነዳጅ ይበላል፤ ጠዋት ጠዋትም የመስተዋት ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለቱም ኋላ ላይ ትርጉም አገኙ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ

የራዲያተሩ ክዳን የተከፈተው ሞተሩ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ነው። ይህ ለጥንቃቄ ብቻ የሚባል አይደለም፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ በዚያው ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይወጣል።

ውሃው የሻይ ቀለም ነበር፤ ጣት ሲነከርበት ቡናማ ደለል ይዞ ይወጣል። ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከገባበት ብዙ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ ተራ ውሃ ብቻ ሲሆን ብሎኩ ይዝጋል፣ ዝገቱም እየተንሳፈፈ ሄዶ የሚያርፈው በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ከመጠባበቂያ ዕቃው ወደ ራዲያተሩ አንገት የሚመጣው ቀጭን ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር፣ ውሃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የሚታየው ነጭ አረፋ የለም፤ የዘይቱ መለኪያ ዘንግም ንጹሕ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራ፣ በነፍሳትና በገለባ ተጋግረዋል። ውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ደህና ነው፤ የፓምፑ ኩሽኔታ አይወላወልም፤ ከሥሩ ባለችው የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ላይም የእርጥበት ምልክት የለም።

ቀጥሎ የግፊት መሞከሪያው ፓምፕ በራዲያተሩ አንገት ላይ ታሰረና ወደ 1.2 ባር ተነፋ። አሥር ደቂቃ ተጠበቀ፤ መርፌው አልወረደም። ሞተሩ ሞቆ ተደገመ፤ አሁንም አልወረደም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «እንግዲህ ፍሳሽ የለም» ብሎ መሣሪያውን ይፈታል። ነገር ግን መሞከሪያው የታሰረው በክዳኑ ቦታ ነው። ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲስተሙ ግፊት ያዘ፤ ክዳኑ ሲመለስ ውሃ ይጠፋል። ከዚህ ወዲያ ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ክዳኑ በመሞከሪያው አስማሚ ላይ ብቻውን ታስሮ ሲነፋ 0.3 ባር ላይ ለቀቀ። ለዚህ መኪና አዲስ ክዳን መክፈት ያለበት ከ0.74 እስከ 1.03 ባር ባለው ውስጥ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ከ0.59 በታች ከከፈተ ይጣላል። የታችኛው ጎማው ደርቆ፣ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ስፕሪንጉም በጣት ሲጫኑት ያለ ትግል ይወርዳል።

ይህ ትንሽ ዕቃ ደጋ ላይ ያለው ዋጋ ከቆላው ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን የመፍያ ነጥብ ወደ 114 ይገፋዋል። 0.3 ላይ የሚለቅ ክዳን ግን 101 ላይ ያቆመዋል። ያው ደካማ ክዳን ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ውሃውን እስከ 107 ባቆየው ነበር። የዚህ መኪና ፋን እንዲነሣ የታሰበው 93 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር በተለመደው ሥራው ከሚደርስበት ሙቀት እስከ መፍላት ያለው ልዩነት ስምንት ዲግሪ ብቻ ሆኗል ማለት ነው። ዳገት ላይ በጭስ ማውጫ ቫልቮች ዙሪያ ያለው ውሃ ከሌላው ቀድሞ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ በክዳኑ በኩል ወደ መጠባበቂያው፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይደፋዋል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ የወጣው ውሃ በክዳኑ መሀል ባለችው ትንሽ ቫልቭ በኩል ተስቦ መመለስ ነበረበት፤ ቀጭኑ ጎማ ስለተሰነጠቀ ግን የሚሳበው አየር ነው። «መሬት ላይ ሳይፈስ የሚጠፋው» ውሃ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ የሚፈሰው መኪናው እየሄደ፣ ሙቅ ሳለ ነውና ቆሞ ሲታይ የለም።

ጋስኬቱ ነጻ የወጣበት

ክዳኑ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ጋስኬቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ጊዜ የፈላ አልሙኒየም ቴስታታ ሊጣመም ስለሚችል ለብቻው ተፈትኗል።

በመጀመሪያ የጋዝ ፍተሻው። በራዲያተሩ አንገት ላይ የሚቀመጠው የመስተዋት ቱቦ ሰማያዊ ፈሳሽ ይይዛል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ውሃው ከአንገቱ ጥቂት ጣት ዝቅ እንዲል ተቀንሷል፤ ፈሳሹን ከነካው ፍተሻው ይበላሻል። ክዳን ክፍት ሆኖ ሲሞቅ ደጋ ላይ ቶሎ ስለሚፈላ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ መሠራት አለበት። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በቀስታ እየሠራ ሁለት ደቂቃ፣ ቀጥሎም ነዳጅ እየተሰጠው ሁለት ደቂቃ ተፈተሸ። ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

ሁለተኛው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ የሚሰጠው ግፊት ልኬት ነው፤ እዚህ ላይ የአንድ ሞተር ዕጣ ፈንታ በቁጥር አነባበብ ሊወሰን ይችላል። አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የማቀጣጠያው ሶኬት ተነቅሎ፣ የነዳጁ ፔዳል እስከ ታች ተረግጦ ሲለካ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሲሊንደር 10.0፣ 9.8፣ 9.9 እና 9.7 ባር ተነበበ። የፋብሪካው መመሪያ 13.2 ባር ይላል፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ 9.8። መመሪያውን እንደ ወረደ የሚያነብ ሰው ሞተሩን «ያለቀለት ነው» ብሎ ሊፈርድበት ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ሲሊንደሩ ሲጀመር የሚስበው አየር ሦስት አራተኛ ከሆነ ጨምቆ የሚሰጠውም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከጤነኛ 4ኤ-ኤፍኢ የሚጠበቀው 10 ባር ገደማ ነው። ዋናው መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እስከ 1 ባር ይፈቀዳል፣ እዚህ 0.3 ብቻ ነው። ጋስኬት በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ሲቃጠል ጎረቤታሞቹ ሁለቱ አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ይህ ምልክት የለም።

ካንዴላዎቹም አራቱም አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ናቸው። ውሃ የሚያቃጥል ሲሊንደር ካንዴላው በእንፋሎት ታጥቦ ከሌሎቹ ተለይቶ ይነጣል። ቴስታታው ባለበት ይቆይ ተባለ።

ውጤቱ የተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይህን ይመስል ነበር፦ ቴስታታው ወርዶ በቀጥ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል በስድስት አቅጣጫ ይፈተሻል፤ በብሎኩ በኩል ያለው ገጽ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይገባል። ሲመለስ ከአሥሩ ብሎኖች 90 ሚሊ ሜትሮቹ በአየር ማስገቢያው በኩል፣ 108ቶቹ በጭስ ማውጫው በኩል ይገባሉ። ከመሀል ወደ ዳር እየተባለ በየዙሩ በጥቂት በጥቂቱ እስከ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ራሳቸው ላይ የቀለም ነጥብ ተደርጎ 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በስም አንድ የሆነው የቀድሞው ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ግን በማዕዘን የሚጠብቅ አልነበረም፣ በ60 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት አዲስ ጋስኬት በሳምንት ያስበላል።

ቴርሞስታት የማውጣት ልማድ

«ሙቀት ካስቸገረህ ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚባለው ምክር ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞር የኖረ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ቀጥተኛ ጉዳት አለው። ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ በሚገባበት ክዳን ውስጥ ነው። ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ዲስክ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩን የሚዘጋው የለም። ፓምፑ ከሚገፋው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ እዚያው ይዞራል። ቶዮታም በመመሪያው ሞተሩ ቢሞቅ እንኳ ያለ ቴርሞስታት እንዳይነዳ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ መኪናው በሁለት በኩል ተጎዳ። ከተማ ውስጥ ፋኑ ሳያቋርጥ እየዞረ፣ ጠዋት የራዲያተሩን መንገድ የሚዘጋ ሳይኖር ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ዘገየ፤ ኮምፒዩተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ጨመረ። ነዳጅ መብላቱና ለብ ያለው ማሞቂያ ከዚህ የመጡ ናቸው። ዳገት ላይ ደግሞ የአቋራጩ ውሃ የራዲያተሩን ድርሻ ቀማው።

አዲሱ ቴርሞስታት ከመግባቱ በፊት ተፈትኗል። በክር ታስሮ ከድስቱ ግድግዳና ከሥሩ ሳይነካ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ቴርሞሜትር አጠገቡ ይገባል። ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት መጀመር፣ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መነሣት አለበት። እዚህም ከፍታው ጣልቃ ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ በተራ ውሃ 95 ዲግሪ አይደረስም። 92 ላይ እየፈላ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ተነሥቶ ሲታይ «አይሠራም» ተብሎ የሚመለስ ደህና ቴርሞስታት ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት ሲደረግ ፈሳሹ ሳይፈላ 95ን ያልፋል። በዚያ መንገድ ሲለካ 83 ላይ ጀመረ፣ 95 ላይ 8.5 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ኩላንት የገባበት ድስት ግን ወደ ማድቤት አይመለስም፤ ኢትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነም ለልጅና ለውሻ አደገኛ ነው።

ራዲያተሩ

ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሆኖ፣ ፋኑ ለጊዜው ተቋርጦ፣ የላይኛው ቱቦ 88 ዲግሪ ሲደርስ የራዲያተሩ ፊት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየተደረገ ተለካ። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች 84፣ 81፣ 78 እያለ በዝግታ ይወርዳል፤ እንዲህ መሆን አለበት። በቀኝ በኩል ግን ከመሀል ጀምሮ ወደ ታች 52፣ 49፣ 47 ተነበበ። ብርዱ ጥሩ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ትርጉሙ ግን በዚያ በኩል ሙቅ ውሃ አያልፍም ነው። ከጠቅላላው ገጽ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተደፍኗል። (መሣሪያው በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይዋሻል፤ የአልሙኒየም ክፍል ሲለካ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ በላዩ ማንበብ ነው።)

ራዲያተሩ ተፈቶ የታችኛው አፉ በመዳፍ ተይዞ በውሃ ሲሞላና መዳፉ ሲነሣ እንደ መቅዳት መውረድ ሲገባው እየተንጠባጠበ ወረደ። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ቢሆን ራዲያተር ቤት ተከፍቶ፣ ቱቦዎቹ በቀጭን ዘንግ ተጠርገው፣ ተመልሶ ይበየድ ነበር። ይኼ ግን አካሉ አልሙኒየም፣ ጋኑ ፕላስቲክ ነው፤ የታጠፈው ጠርዝ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደ ቀድሞው አይጨብጥም። በአዲስ ተተካ። ሲገዛ የማኑዋልና የአውቶማቲኩ ይለያያል፤ የአውቶማቲኩ ለካምቢዮ ዘይት ሁለት ተጨማሪ አፍ አለው። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ክዳን የሚገዛም የአሮጌውን ክዳን ይዞ ይሂድ፤ የታችኛው ጎማ ከአንገቱ ውስጣዊ ወለል ላይ እንዲያርፍ ቁመቱ አንድ መሆን አለበት፣ የተጻፈበትም ቁጥር 0.9 እንጂ ከዚያ የሚበልጥ አይሁን። ከተገዙት ሁለት ክዳኖች አንዱ ሲፈተሽ 1.2 ባር ላይም አልከፈተም፤ እንዲህ ያለው የባሰ ችግር ያመጣል፣ ደካማ ቱቦ ወይም የፕላስቲክ ጋን ይፈነዳል። ሁለተኛው 0.9 ላይ ከፈተ፤ እሱ ገባ።

ፋኑ ለምን በቀጥታ ታሰረ?

ፋኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የመጀመሪያው ጋራዥ ስሕተት ከየት እንደመጣ ታየ። በብዙ መኪና የፋን ሙቀት ስዊች ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያገናኝ ነው፤ ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን ገመድ ሲያገናኙት ፋኑ ይነሣል። በዚህ ኮሮላ ግን ተቃራኒው ነው። ስዊቹ ቀዝቃዛ ሳለ የተገናኘ ነው፤ 93 ዲግሪ ላይ ይለያያል፣ ያኔ ፋኑ ይነሣል፤ ከ83 በታች ሲወርድ ተመልሶ ይገናኝና ፋኑ ይቆማል። ገመዱ ቢበጠስ ፋኑ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም፤ ብልኅ አሠራር ነው። ሁለቱን ገመድ አገናኝቶ የጠበቀ መካኒክ ግን ፋኑ ዝም ሲለው «ስዊቹ ሞቷል» ይላል። ትክክለኛው ፍተሻ ቁልፉን ከፍቶ ሶኬቱን መንቀል ብቻ ነው፤ ፋኑ ወዲያው ከተነሣ የፋኑ ሞተር፣ ሪሌውና ፊውዙ ደህና ናቸው። እዚህም ተነሣ። ስዊቹን በድስት ለመፈተሽ የሞከረም ያው የ92 ዲግሪ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ውሃው ሲፈላ ስዊቹ ገና አንድ ዲግሪ ይቀረዋል።

ቀጥታ የታሰረው ገመድ ተነቅሎ የፋብሪካው መስመር ተመለሰ። የካንዴላው ማቀጣጠያ ጊዜ ሲዛነፍም ሞተር ሊያሞቅ ስለሚችል፣ በፍተሻው ሶኬት ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች ተገናኝተው በመብራት ታይቷል፤ 10 ዲግሪ ላይ ነው፣ አልተነካም።

ማጠብ፣ መሙላት፣ አየር ማስወጣት

የራዲያተሩን መክፈቻ ብቻ ከፍቶ ማፍሰስ ግማሹን የዛገ ውሃ ብሎኩ ውስጥ ይተወዋል። ብሎኩ የራሱ መክፈቻ አለው፤ እዚህ ዝገት ደፍኖት ስለነበር በሽቦ ተወጋ፤ ከዚያ ቡና የመሰለ ውሃ ወጣ። አዲሱ ራዲያተር ከመታሰሩ በፊት ሞተሩ በላይኛው አፍ በኩል በጎማ ውሃ ወደ ኋላ ታጠበ፤ የማሞቂያው ሁለት ቱቦዎችም ተነቅለው በአንዱ ገብቶ በሌላው እስኪጠራ ፈሰሰ። አዲስ ራዲያተር ባልታጠበ ሞተር ላይ መግጠም ለደለሉ አዲስ ማረፊያ መስጠት ነው። የታችኛው ቱቦ ሲጨመቅ እንደ ጨርቅ ይልም ስለነበር (ሞተሩ ሲጮህ ፓምፑ ስቦ ሊያጣብቀው ይችላል) ሁለቱም ቱቦዎች ተቀየሩ፤ የመጠባበቂያውም ቀጭን ጎማ እንዲሁ። ቴርሞስታቱ የአየር ማስወጫው ትንሽ ቫልቭ ወደ ላይ ሆኖ ገባ።

ይህ ሞተር 5 ተኩል ሊትር ገደማ ይይዛል። 2.75 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንትና እኩል የተጣራ ውሃ በባልዲ ተቀላቅሎ ነው የገባው። የተጣራ ውሃ ሲገዛ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ፤ ሁለቱንም «የባትሪ ውሃ» የሚል ሻጭ አለ። የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ቅርፊት በሚሠራባቸው እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ያው ቅርፊት በሞተሩም ውስጥ ይሠራል።

አየር ማስወጣት ደጋ ላይ ትንሽ ችኮላ ይጠይቃል። የመኪናው አፍንጫ ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ሆኖ፣ ክዳኑ ክፍት እያለ ሞተሩ 2,000 ዙር ላይ ተያዘ፤ የላይኛው ቱቦ በጓንት እየተጨመቀ አረፋው እየወጣ ውሃው ተሞላ። ቴርሞስታቱ 83 ላይ ሲከፍት ውሃው በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ሞልቶ ክዳኑን ወዲያው መዝጋት ነው። ክዳን እንደተከፈተ መጠበቅ ከቀጠለ ጥቂት ዲግሪ ቆይቶ ይፈላና ያስወጣነው አየር በእንፋሎት ይተካል። ሞተሩ በርዶ ሲከፈት 0.4 ሊትር ተጨመረ፤ ማሞቂያው ትኩስ አየር መስጠት ጀመረ።

ባለቤቱ በፊት ዳገት ላይ ሲፈላበት የሚያደርገውን ማስተው አስፈላጊ ነበር፦ እየተንተከተከ ባለው ራዲያተር ላይ ከሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበት ነበር። አልሙኒየሙ በድንገት ሲኮማተር በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል፤ ቴስታታው እስካሁን መትረፉ ዕድል ነው። መርፌው መውጣት ሲጀምር ማሞቂያውን በሙሉ ከፍቶ፣ ነዳጅ ቀንሶ ዳር መያዝ ነው። ውሃ ካለና እንፋሎት ካልታየ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ይቆይ፤ ውሃው ካለቀ ወይም እንፋሎት ከወጣ ይጥፋና የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ክዳኑ አይነካ።

ሙከራው

በፊት በቆመበት መንገድ፣ አራት ሰው ተጭኖ፣ ቀትር 7 ሰዓት ላይ ከድልድዩ ተነሣ። ውሃ ከሞተሩ በሚወጣበት ክዳን ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲለካ 94 ዲግሪ፣ ፋኑ እየዞረ ነው። ደጀን ሲገባ ላይ 97፣ የታችኛው ቱቦ 76። መርፌው ከግማሹ አልዘለለም። ደጀን ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቆም ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ቆመ።

ማታ ሲደርስ የመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ ከላይኛው መስመር ሁለት ጣት አልፎ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ በርዶ፣ ወደ ነበረበት መስመር ተመልሷል፤ ክዳኑ ሲሞቅ አውጥቶ ሲበርድ መልሷል ማለት ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የጋዝ ፍተሻው ተደገመ፤ ሰማያዊ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ የተጨመረ ውሃ የለም።